በዘምዘም የታጠበው ከፈን

«አንቺ ጅብ ነሽ» አሉኝ ፊት ለፊቴ። «መቃብር የሚቆፍር ጅብ ብቻ ነው።»

ስልኬ መሀላችን ምንጣፉ ላይ ሆኖ እየቀዳ ነበር። ቅጂው እስካሁን አለኝ፤ ከ«ጅብ ነሽ» ቀጥሎ ሻይ ፉት ሲሉ ይሰማል። እኔም አልቻልኩም፣ «ሐጂያ፣ ጅብ ብሆን ሳልጠይቅ ነበር የምቆፍረው» አልኳቸው። ሳቁ። የጠየቅኳቸውን ግን አልነገሩኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት፣ ወሎ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረኝ መምህር ጦርነቱ ከወረዳችን ያጠፋውንና ያስተረፈውን ይመዘግባል። የፈረሰ መስጊድ፣ የተዘረፈ ኪታብ፣ መንዙማውን ይዞ የሞተ ሽማግሌ፣ ሁሉንም። ጅዳና መካ ያለውን የአገራችንን ሰው የምቀዳለት እኔ ነኝ። የምሠራው ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው። ጁምዓ ማዳም ስትለቀኝ ሌላው ይተኛል፤ እኔ መኪና ተጋርቼ መካ እወጣለሁ። ቁጭ ብዬ ማረፍ አልችልበትም።

ሐጂያ እዚያው መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። ልጅቷ ዓዚዚያ ሰፈር ሆቴል ታጸዳለች፤ ከጦርነቱ በኋላ ነው ያስመጣቻቸው። መንደራችን ውስጥ በእጅ የተጻፉ ሰባት ኪታቦች ነበሩ፤ ሌላ ቦታ ያልተጻፉ መንዙማዎች እነሱ ውስጥ አሉ። ታጣቂዎች መቅረባቸው ሲሰማ ሐጂያና ባለቤታቸው ኪታቦቹን በላስቲክ ጠቀለሉ፣ በከፈን ገነዙ፣ የሕፃን ቀብር አስመስለው ቀበሩ። የሕፃን መቃብር ማን ይፈትሻል? በዚያው ሳምንት ሐጂያ የሚያሳድጉት የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው፣ የዚችው የልጃቸው ልጅ፣ በትኩሳት ሞተ። ከጎኑ ቀበሩት።

ቆይቶ ታጣቂዎቹ ለምሽግ ብለው የመቃብሩን ድንጋይ ሁሉ ለቀሙ። ሕዝቡ ከስደት ሲመለስ ድንጋዩን በግምት መለሰ። የሐጂያ ባለቤትም አረፉ። እንግዲህ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ልጁ ያለበት የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በቅርቡ የተጠረገው መንገድ ደግሞ ጎርፉን ወደዚያ መልሶታል። ይኼ ክረምት ከደገመው ወረቀቱ ጭቃ ነው። ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው «የሰው ልጅ መቃብር በግምት አንከፍትም፤ ምልክቱን ራሷ በአንደበቷ ትንገረን» ብለው ቁርጥ አደረጉ።

ያንን ምልክት ነው ሦስት ጁምዓ ሙሉ የለመንኩት። ይኼ አራተኛው ነበር።

ጉብታዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ወደዚህ ሳልመጣ፣ ውሃ ስቀዳ በአጠገባቸው ነበር የማልፈው፤ ባለፍኩ ቁጥር ለሁለቱም «አሰላሙ ዐለይኩም» እላለሁ። ያኔ አንዱ ወረቀት መሆኑን አላውቅም። አሁን ልብስ ስተኩስ የሐጂያን ቅጂ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማለሁ። ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ስደርስ ትንፋሻቸው ብቻ ይቀራል፣ እኔም በሁለቱ ጉብታዎች መሀል የቆምኩ ይመስለኛል። ሰላምታዬን የሰማው የቱ ነበር ስል አንዴ የማዳምን ዐባያ አቃጠልኩ።

«ሐጂያ» አልኳቸው ሻዩ ሲያልቅ፣ «አንቱ አልረሱም። የፈሩት ነገር አለ።»

በሩን አዩ። ከዚያ ስልኩን። «ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁት።

«ሐጅ ያደረግሁ ጊዜ ከፈኔን ገዝቼ፣ በዘምዘም ውሃ አጥቤ፣ እዚሁ መካ አድርቄ ነው ይዤ የገባሁት። ለራሴ። እኛ አገር ሐጅ የሄደ ሁሉ እንዲያ ያደርግ የለ? ኪታቡን የገነዝኩት በሱ ነው። አልቆጨኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሞተ።»

«ሌላ ጨርቅ አልነበረም?»

«ሱቅ ሁሉ ዝግ፤ ክንድ አቡጀዲ ጠፋ። ከፈኑን ቆፍሬ ላወጣው ሄድኩ። ታጣቂዎቹ እዚያው ሰፍረዋል። ብቆፍር ኪታቡን ያዩታል። ተመለስኩ። ልጁን በቢጫ ሻርፕ ጠቅልዬ ቀበርኩት።»

«እናቱስ?»

«በስልክ ‹በምን ገነዝሽው?› አለችኝ። ‹በዘምዘሙ ከፈኔ› አልኳት። ዛሬም ሐረም መስጊድ ገብታ ዘምዘም ስትጠጣ ‹ልጄ ይኼን ለብሷል› ትለኛለች። አጠገቧ ቆሜ።»

ምልክቱ ጨርቁ ነው ማለት ነው። ነጭ ካዩ ኪታብ፣ ቢጫ ካዩ ልጅ። ሌላ ምልክት የለም። ድምፁ የሚላክበት የመንደሩ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ልጅቷም አለች።

«ለሽማግሌዎቹ ለብቻ ልላከው?» አልኩ።

«ኧረ ተዪኝ። መንደሩን አታውቂውም? ሳይመሽ ይደርሳታል።»

በሩ ላይ ቁልፍ ተንቋቋ። ልጅቷ ከሥራ ፈረቃዋ፣ ከዱዋም፣ መመለሷ ነው፤ የሆቴሉን ሽርጥ ገና አላወለቀችም። እኔን ስታይ «ደግሞ መጣሽ?» አለች። «ኢቃማሽ ላይ፣ መኖሪያ ፈቃድሽ ላይ፣ ሥራሽ ጋዜጠኛ ነው እንዴ የሚለው?»

ሳልመልስላት ሐጂያ በእጃቸው ስልኩን ጠቆሙኝ። «ክፈቺው።»

«ሐጂያ፣ አሁን?»

«ክፈቺው አልኩሽ!»

ከፈትኩት። ሐጂያ ልጃቸውን እያዩ ለስልኩ ተናገሩ። «ሁለቱንም ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ነጭ ጨርቅ ያያችሁበት ኪታቡ ነው፤ የኔ ከፈን ነው፣ አውጡት። ቢጫ ያያችሁበት ልጃችን ነው። እንዳትነኩት። ወዲያው መልሱበት።»

ልጅቷ ቆማ ቀረች።

«ቢጫ ምን?» አለች።

«ሻርፕ።»

«የቱ ሻርፕ?»

«ያንቺው። ስትሄጂ ሚስማሩ ላይ ትተሽው የሄድሽው።»

ልጅቷ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሽርጧን ማሰሪያ ለመፍታት ሞከረች፤ ቋጠሮው እንቢ አላት።

«ልጁ ካለሱ አይተኛም ነበር» አሉ ሐጂያ።

ልጅቷ ማሰሪያውን ተወችው። ወደኔ ዞረች። «እየቀዳ ነው?»

«አዎ።»

«በቃ፣ ኸላስ፣ ዝጊው። ላኪላቸው።»

«ሁሉንም? ይኼ የናንተው ንግግርም አለበት እኮ፤ ልቁረጠው?»

«ሁሉንም።»

ላክሁት። ዐባያዬን ደረብኩ፣ ጫማዬን በሩ ሥር ፈልጌ አደረግሁና ወደ ጅዳው መኪና ወረድኩ።