የአው ዑስማን ካባ

ሙሴ ሃጎፕ የቀጠሩኝ ክንዴን አይተው ነው። ከዚያ በፊት ካራ ስሎ ለሚያድር ሰው የመሳያ ድንጋይ አዞር ነበር። አርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሊጀምሩ ኖሮ፣ የካሜራውን መዘውር አስያዙኝና "በሰከንድ ሁለት ዙር፤ አትፍጠን፣ አትዘግይ" አሉኝ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥቅል ፊልም ያለ እንከን አዞርኩ። የካሜራውን ዓይን ክዳን ግን አላነሳሁም። ሙሴ በአራት ቋንቋ ሰደቡኝ። የገባኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በቂ ነበር።

በአራተኛው ዓመት የአው ዑስማንን ሕይወት ለማንሳት ተነሳን። አው ዑስማን የጀጎል መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ድሮ ከገጠሯ ሶፊ የሚመጡ ሴቶች የሚሸጥ እንጨት ተሸክመው በከተማው ግንብ በኤረር በር ሲገቡ፣ የሹሙ ዘበኞች ከየሸክሙ ፍልጥ ይመዙ ነበር። አው ዑስማን ይህን ተቃውመው ሁለት ጊዜ ታስረው፣ በሦስተኛው አቤቱታቸው አስቀሩት። በዚያው ሳምንት ግን ከዚያው ሹም እጅ ካባ ተቀበሉ። ሴቶቹ ለሹሙ ቤት በግዳጅ ውሃ መቅዳታቸው ቀጠለ፤ አው ዑስማን ስለሱ ግን ትንፍሽ አላሉም። ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ "አባታችን"፣ ግማሹ "በካባ የተሸጠ" ይላቸዋል።

"ካባው አይነሳም" አሉ ሙሴ። "ጀግና ነው የምንሠራው።"

በፊልሙ አው ዑስማንን ሆኖ የሚጫወተው ልብስ ሰፊው ታፈሰ ነው። የእስላም ኮፍያውን ከመውደዱ የተነሳ ቤቱ ሳይቀር አድርጎት ይገባል። ሚስቱ "ከሰለምክ ንገረኝ" አለችው። ባለታሪኩ እውነተኛው አው ዑስማን ደግሞ በየቀኑ መጥተው ከግንቡ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እንኳ አስተያየት አልሰጡም።

በመጨረሻው ቀን አንድ ጥቅል ፊልም ብቻ ቀርቶናል። የቀረውም የድሉ ትዕይንት ነው፤ ሴቶቹ ሸክማቸው ሳይነካ በበሩ ይገባሉ። ሴቶቹን የሆኑት እውነተኞቹ እንጨት ሻጮች ናቸው። ማዞር ስጀምር ከመካከላቸው ሐሊማ ሸክሟን መሬት ጣለችና "በሕግ አምላክ!" አለች።

ይህ ከተባለ ወዲያ ማን ይነቃነቃል? ታፈሰ ቆመ፣ መንገደኛው ቆመ፣ የእኔም እጅ ቆመ።

"አዙር!" ጮኹ ሙሴ።

"በሕግ ተይዣለሁ ሙሴ!" አልኩ።

ሐሊማ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላዋን ጫፍ ከታፈሰ ኩታ ጋር ቋጠረች። እንደ ደንቡ መንገደኛ ዳኛ ተፈለገ፤ ጭድ የጫነች አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ተገኙና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ይህ ሰው አው ዑስማን ነኝ ይላል" አለች ሐሊማ። "ከሆነ ካባው የታለ? ለሹሙ ቤት ውሃ ስቀዳ ያ ካባ በፊቴ ያልፍ ነበር!"

"እኔ የሰጡኝን ነው የለበስኩት" አለ ታፈሰ።

"ባለታሪኩ በሕይወት አሉ?" ጠየቁ ዳኛው።

አው ዑስማን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። "አለሁ። ወላሂ፣ ተቀብያለሁ። መታሰር ፈርቼ ነበር።"

"እንግዲያው ካባው በፊልሙ ይነሳ" ብለው ፈረዱና ዳኛው እየሮጡ ሄዱ። አህያዋ ለሕግ አልቆመችም ነበር።

አው ዑስማን ካባውን ከቤታቸው አስመጥተው ራሳቸው ለበሱት። ታፈሰ "መጨረሻ ላይ አውልቀው ይጣሉት፤ ያምራል" ብሎ መከራቸው።

"ጥዬው ቢሆን ዛሬ ከየት አመጣው ነበር?" አሉት።

እኔ እያዞርኩ በሴቶቹ ፊት ሲያልፉ፣ ማንም ሳያዝዛቸው ሁሉም ጀርባቸውን ሰጧቸው። ሙሴ እንዳቆም በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። እንጀራዬ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፈርቻለሁም። ፊልሙ እስኪያልቅ ግን በሰከንድ ሁለት ዙር አዞርኩ።

ሙሴ አላባረሩኝም፤ አንድ ወር አኮረፉኝ እንጂ። ፊልሙን በግቢያቸው፣ ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥረን አሳየን። በካባው አለቀ፤ ድሉ የለም። ያኔ ሐሊማ ብድግ ብላ አንሶላው ፊት ቆመች።

"አላለቀም" አለች ወደ ወጣቶቹ ዞራ። "እናንተ አላያችሁም። ፍልጤን ከመነጠቅ ያዳኑልኝ እኚሁ ሰው ናቸው።" ከዚያ የበሩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችው። አው ዑስማን ግንባራቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ካሜራ አዙሬያለሁ። ለሙያው ልጆች የምለው አንድ ነው፦ ክዳኑን ማንሳት አትርሱ፤ ሰውየው የሚያፍርበት ቦታ ላይም ቢሆን።