ውኃ ውስጥ የተኛው ቀረሮ

አባቴ ዛፉን ማየት ፈለገ። ዛፉ ደግሞ ውኃ ውስጥ ነው።

ከሸኮ ወረድ ብሎ ወንዙ የሚያርፍበት ጥልቅ ኩሬ አለ። ዳሩ ላይ ቆሞ የነበረው ትልቅ ቀረሮ ከአያቴ ለአባቴ የተላለፈ የቀፎ ዛፍ ነበር። በእኛ አገር ዛፍ ይወረሳል፤ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃድ አይወጣበትም። ሁለት ክረምት ይሆነዋል፣ ጎርፍ ሥሩን በላውና ዛፉ ከነቀፎው ኩሬው ውስጥ ተኛ። አማን ሆስፒታል ያለው ሐኪም «የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን» ያለው ዕለት፣ በባጃጅ ስንመለስ አባቴ «ያን ዛፍ አንዴ ባየው» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

እኔ ሚዛን ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ምርቃት፣ ሰርግ አነሳለሁ። ከአንድ ቪዲዮ ቀራጭ ጓደኛዬ ውኃ የማይገባው ካሜራ ተዋስኩ፣ የዋና መነጽር ገዛሁ፣ ነገሩንም በአንድ እሑድ የምጨርሰው መሰለኝ። ጥር ነበር። የቡና ማጠቢያዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወንዙ ጠርቷል፤ ዝናቡም ገና ነው።

አባቴ ዋና ስለማይችል ዳር ላይ ዱላውን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ዘልዬ ገባሁ። እግሬን እያወራጨሁ ወረድኩ፣ ደለሉ ከሥሬ ተነሣ፣ ትንፋሼ አጠረኝ፣ እንደ ዕብድ ወደ ላይ ወጣሁ። እንዲህ ሳደርግ ዋልኩ። ሃያ ፎቶ አነሳሁ፤ ሃያውም ማኪያቶ። ካሜራውን ረገምኩ፣ ጓደኛዬንም ጨምሬ።

«ቀኑን ሙሉ ውኃ ስትወቅጥ ዋልክ» አለኝ አባቴ።

«አባዬ፣ አንተ ደግሞ ሳታይ ነው የምትተቸው?»

ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። እሱ ግን ሳቀ። «በጆሮዬ አየሁሃ! ንብ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ፊትህ አብጦ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ማር ቆራጭ ሊያደርገኝ እንደሚፈልግ ሰው ያስተምረኝ ጀመር። ቀፎ ጋ የሚወጣ ሰው ንቦቹ ዘንድ ሳይደርስ ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል፤ ላቡ ይደርቃል፣ ልቡ ቦታው ይመለሳል። እጁን የሚሰደው ትንፋሹ ከሰከነ በኋላ ነው። እሑድ እሑድ ሣር ላይ በጀርባዬ አስተኝቶ መዳፉን ሆዴ ላይ ያሳርፋል። «ገና ነህ» ይላል። የቡናው ጥላ ውስጥ አንዲት ወፍ ትጮኻለች፤ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ስነቃ መዳፉ እዚያው ነው። «አሁን ሂድ» ይለኛል።

አሮጌውን የመውጫ ገመዱንም ሰጠኝ። አንዱን ጫፍ ዳር ላይ ካለ ዛፍ፣ ሌላውን ከትልቅ ድንጋይ ጋር አስሬ ኩሬው ውስጥ ሰደድኩት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ላይ የወጣበትን ገመድ እኔ በእጄ እየተሳብኩ ወደ ታች ወረድኩበት፤ እግሬን አላንቀሳቅስም፣ ጭቃውን አልነካም። ፎቶዎቹ ቀስ በቀስ ጠሩ፤ መጀመሪያ የቅርንጫፍ ጥላ፣ ቀጥሎ ግንዱ።

የእሱ ዓይን ደግሞ ቀስ በቀስ ጠበበ። «በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ሻይ ብርጭቆውን በእጁ እየዳበሰ ሲፈልግ። ፈራሁ። ውኃው እስኪጠራልኝ ቀዳዳው የሚዘጋ መሰለኝ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ወደ ማሻ በኩል ደመና በተከመረበት ዕለት፣ ወረድኩ። ምንም ድምፅ አልነበረም። ብርሃኑ በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል። ቀረሮው በጎኑ ተኝቷል፤ ቀፎውም ከነልባሱ ቅርንጫፉ ሥር ተሰንቅሯል። ትናንሽ ዓሦች በአፉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በገመዱ ተንጠልጥዬ አነሳሁ። አየር የምፈልግ ፍጥረት መሆኔን ረሳሁት። ደስ አለኝ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ከጎኔ ቡናማ ደመና መጣ። የሆነ ሰው ገብቶ ኩሬውን አደፈረሰብኝ! በንዴት አንድ የመጨረሻ ፎቶ ወደዚያው ተኮስኩና ወጣሁ።

አባቴ ነበር። ውኃው ደረቱ ደርሷል፣ ዱላው ተንሳፍፎ ሄዷል፣ በሁለት እጁ ውኃውን ይዳብሳል።

«ድምፅህን አጣሁት» አለ። «ድምፅህን አጣሁት እኮ!»

ጎትቼ አወጣሁት። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን ተንቀጠቀጥን። አንጓዬን ይዞ አልለቅ አለ፤ ስለ ዛፉም አልጠየቀኝም።

በማግሥቱ ፎቶውን በትልቁ አትሜ ሰጠሁት። ወረቀቱን በዓይኑ ፊት ቀስ እያደረገ አሳለፈው፤ ግንዱን፣ ቅርንጫፉን፣ ከዚያ የቀፎውን አፍ አገኘ። ዓሦቹ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ማን ፈቀደላቸው?» አለ፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ያ ፎቶ አሁን ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ይጠይቀኛል። የመጨረሻውን ግን ለማንም አላሳይም። ካሜራውን ስመልስ ጓደኛዬ አይቶት «ይኼ ተበላሽቷል፣ አጥፋው» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ ደለል ብቻ ነው የሚመስለው። ትኩር ብሎ ላየው ግን ጭቃው ውስጥ ሁለት ቀጫጭን እግሮች አሉ። ወደ እኔ እየመጡ ነው።