አጎቴ ያስተማሩኝ ግሥ
ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸው አጎቴ መርሳ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምረውኛል። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ነበር። “ሊምፕ” የሚለው ግሥ በመጣ ቁጥር መዝገበ ቃላት አይገልጡም፤ እኔን ያስነሱኛል።

“እስቲ እስከ በሩ ደርሰሽ ተመለሺ።”

በፖሊዮ የሰለለ እግሬን እየጎተትኩ እመለሳለሁ።

“ትርጉሙ ይኸው፣ ማነከስ ነው” ይላሉ ለክፍሉ። “የቃሉን መነሻ እንግሊዞቹም በእርግጠኝነት አያውቁትም። የእሷን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ እናቷ ሳታስከትባት ቀርታ ነው።”

እናቴ የገዛ እህታቸው ናት። እኔ ሕፃን ሳለሁ የክሊኒኩ መንገድ በጦርነት ተዘግቶ እንደነበር አይጨምሩም። ክፍሉ ይስቃል።

አሁን ሐዘን ቤት ተቀምጠናል። የእሳቸውን ወንበር ማንም አልደፈረም። እናቴ እንባዋን እየጠረገች፣ “ለወንድም ጋሼ አላህ ይዘንላቸው፤ ካስተማሩሽ አንዱን ለሰው ንገሪ” አለችኝ።

ተነሳሁ። እስከ ባዶው ወንበር እያነከስኩ ሄጄ ተመለስኩ።

“ሊምፕ ማለት ይህ ነው” አልኩ።

አብሮኝ የተማረ አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ፣ “መነሻውስ?” አለኝ።

እናቴ ቀና ብላ ታየኛለች።

“አይታወቅም” አልኩት።