ለደግሰው ጉልበት የተቆረጠ ላሜራ

ደግሰው የፃግብጂ ሰው ነው። ግራ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በታች ጦር ሜዳ ላይ ፈንጂ ወስዶበታል። ጦርነቱ ሲያበቃ እርሻ እንደማይሆነው አወቀና ሰቆጣ ገብቶ ብየዳ ቤት ከፈተ። በሰው ሠራሽ እግሩ ቆሞ የማይበይደው ነገር አልነበረም፤ የድስት እጀታ ቢሉ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ቢሉ። ልቡ ግን የመኪና መሪ ላይ ነበር። ወታደር ሳለ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ከቆሰለ ወዲህ መኪናውን አምኖ የሚሰጠው ሰው አጣ። ጭነት መኪና በደጁ ባለፈ ቁጥር ሥራውን አቁሞ እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ይሸኘዋል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው አበልጁ ጌታሰው ነው። የጌታሰውን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳው ደግሰው ነዋ። ጌታሰው ነጋዴ ነው፤ ከቆላው ዝቋላ ማሽላና ፍየል የሚያመጣባት፣ ዳገት ስታይ የምታለቅስ አሮጌ መኪና ነበረችው። በ1994 ዓ.ም. ሞተሯ ጨርሶ ሞተ። ጌታሰው ከአንድ የተበታተነ ትልቅ መኪና የወጣ ሞተር ገዝቶ መጣና ደግሰው ደጅ አራገፈው።

ደግሰው እያነከሰ ዙሪያውን ዞረው። “አይገባም” አለ። “ከቀድሞው በብዙ ይረዝማል። ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ግድግዳ መቆረጥ አለበት። ግድግዳው ከተቆረጠ ደግሞ ሾፌሩ እግር መዘርጊያ ያጣል።”

“ለራስህ እግር የሚበቃህን ያህል ተው” አለ ጌታሰው። “ጊዮርጊስን፣ የምትነዳት አንተ ነህ አበልጄ!”

ደግሰው ለዚህ ቃል ምስክር አልጠራም። በአበልጅ መካከል ሽማግሌ ማስቀመጥ ለእሱ ነውር ነበር፤ ክርስትና ያነሳው ልጅ ከመሐላ ይበልጥበታል። ሞኝነት ነው እንዳልል፣ እኔም ብሆን አልጠራም ነበር።

ሁዳዴን ሙሉ ሠራ። የድሮውን ግድግዳ በመሮ እየቀደደ አወጣው። ሞተሩ ወደ ጋቢናው ለሚገባበት ከበርሜል ላሜራ ሳጥን አበጀለት፤ ሙቀቱ ሰው እንዳይፈጅ ላሜራውን ሁለት አድርጎ መሐሉን ባዶ ተወው። ከዚያ ተቀምጦ በራሱ ጉልበት ለካ። አጭር ነውና ወንበሩን አስጠጋ። ሰው ሠራሽ እግሩ እንዳይንሸራተት ለፍሪሲዮኑ ፔዳል ጠርዝ አወጣለት። ሚስቱ ውዴ ምሳ ይዛ ስትመጣ፣ ሞተር በሌላት መኪና ላይ ተቀምጦ ካምቢዮ ሲቀይር አገኘችው። “ልጅ ሆንክ እንዴ?” ብላ ሳቀችበት፤ አብሯት ሳቀ።

ከፋሲካ በኋላ መኪናዋን ራሱ አስነሣት። ድንጋይ አስጭኖ ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት አወጣት፤ የጭስ ሽታ እንኳ ወደ ጋቢናው አልገባም። ጎኑ የተቀመጠው ጌታሰው አንገቱን አቅፎ ሳመው። ደግሰው ያን ቀን እንደገና ሰው የሆነ መሰለው።

በማግስቱ ጠዋት የሾፌሩ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘ። የጌታሰው ሚስት የባንቺ ወንድም ነው፤ ቅጣው የሚባል ሎጋ ጎረምሳ። ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

“አበልጄ” አለ ጌታሰው መሬት መሬቱን እያየ፣ “ወንበሩን ወደ ኋላ አድርግለት። ያቺንም የፔዳል ጠርዝ አንሣት።”

“ለምን?”

“የሚነዳት እሱ ነዋ። እስቲ አስበው፤ ማን ነው እህሉንና ነፍሱን ለአንድ እግር የሚሰጥ?”

“ትናንት ዳገቱን ሳወጣህ ነፍስህ የት ነበረች?”

የመለሰው ቅጣው ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ደግሰው የሚያውቅ መስሎት ነው። “አልነገረዎትም እንዴ ጋሼ? እኔ እኮ ከጥምቀት ጀምሮ ስጠብቅ ነው። ‘ሰው ለራሱ ሲሆን ነው አሳምሮ የሚሠራ፤ እስኪጨርስ ዝም በል’ አለኝ።”

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ደግሰው ፈንጂው ሲመታው እንኳ እንዲህ አልደነዘዘም፤ ፈንጂውን የቀበረው የማያውቀው ሰው ነበር።

መዶሻውን አነሣ። ጌታሰው ግድግዳውን የሚያፈርስበት መስሎት ሸሸት አለ። ደግሰው ግን የወንበሩን ብሎኖች ፈታና ወደ ኋላ ወሰደው፤ የፔዳሉን ጠርዝ ቆርጦ ጣለ፤ ለቅጣው እግር ለካ። እንባውን በክንዱ እየጠረገ አሳምሮ ሠራው። አበላሽቶ መስጠት ይችል ነበር፤ ግን በተበላሸ ፔዳል ገደል የሚገባው ቅጣው እንጂ ጌታሰው አይደለም።

ሲጨርስ ጌታሰው ቀረብ አለ። “ተቀየምከኝ እንዴ አበልጄ?”

“ጌታሰው” አለው ደግሰው።

አበልጅ አበልጁን በስሙ አይጠራም። ጌታሰው ስሙን ከዚያ አፍ ሰምቶት አያውቅም፤ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

“ልጅህ ልጄ ነው፤ በየአውደ ዓመቱ ይምጣ። አንተ ግን አትምጣ።”

ባንቺ ሽማግሌ ላከች፣ የንስሐ አባቱም መጡ። ይቅር በለው ሲሉት፣ ይቅር ብያለሁ አለ። በል እንግዲህ አበልጄ በለው ሲሉት ግን አንገቱን ደፍቶ ወደ ብየዳው ተመለሰ። እስከ ዛሬም መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ “ደህና አደርክ ጌታሰው” ብሎት ያልፋል።