ሁለት ጊዜ የመጣው ወንድሜ

ይህ የሆነው አምና መስከረም ውስጥ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ትንሽም እኮራለሁ። ለምን እንደምኮራ አንብባችሁ ስትጨርሱ ታውቁታላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ውጭ አገር የከብት ሕክምና ተምሮ ሲመለስ፣ እኔና አባባ በቅሏችንን ይዘን ሰቆጣ ድረስ ሄደን ተቀበልነው። ሰፈራችን ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አባባ "እግርህ መንገድ ረስቷል፤ አንተ ውጣ" ብለው በቅሎዋ ላይ እሱን አስቀመጡት።

ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ በቅሎዋ እንደ ልማዷ ቀጥ አለች። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው እዚያ በር ላይ ወርዶ ሳይሳለም አያልፍም፤ እሷም ታውቃለች። ወንድሜ ግን "ምን ነካት?" ብሎ በተረከዙ ጎሸም አደረጋትና አለፈ። አባባ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። አንገታቸውን ደፉ።

በማግስቱ ውኃ ልቀዳ ብወርድ ሴቶቹ በአገውኛ "የቄሱ በቅሎ ከልጃቸው ትሻላለች፤ እሷስ ቆማለች!" እያሉ ይሳሳቃሉ። በሳቅ ቢያልፍ ግድ አልነበረኝም። ግን ወንድሜ መርፌና መድኃኒቱን ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ደጅ ሲጠብቅ፣ አንድ ጥጃ እንኳ የሚያመጣለት ጠፋ። ጎረቤታችን አያ ስዩም "ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው በሬዬን አይነካም" አሉ አሉ። ወንድሜም "እዚህ የሚፈልገኝ ከሌለ አዲስ አበባ እገባለሁ" ማለት ጀመረ። እናቴ እህል አልቀምስ አለች።

ሰው ለምን እንደራቀው ደፍሮ የነገረው የለም። ቅዳሜ እኔ ሄድኩና፦

"ወንድምዓለም፣ ሃይማኖትህን ለውጠሃል እንዴ?" አልኩት።

"ማን አለ?"

"በቅሎዋ!" አልኩና ሁሉንም ነገርኩት።

እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እዚያ አገር መጀመሪያ ሰሞን አውቶቡሱ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ብድግ እል ነበር። ሰዎቹ የምወርድ እየመሰላቸው መንገድ ይለቁልኛል። አፈርኩና ቁጭ ብዬ በልቤ መሳለም ለመድኩ። ያን ቀንም በልቤ ተሳልሜያለሁ እኮ!"

"እግዜር አይቶህ ይሆናል፤ አያ ስዩም ግን አላዩህም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እንደገና ና!" አልኩት።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ፣ ወንድሜ ያንኑ ኮት ለብሶ፣ በዚያው መንገድ፣ በበቅሎዋ ብቅ አለ። በሩ ላይ ስትቆም እሱም ዱብ ብሎ ወረደና ደጃፉ ላይ ተደፍቶ ተሳለመ። አባባ መስቀላቸውን አሳለሙት። ሰዉ ሁሉ ያያል።

መጀመሪያ የተናገሩት አያ ስዩም ናቸው። "እሰይ! ዛሬ ገና መጣህ! እንኳን ደህና ገባህ ልጄ!" ብለው አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው "በሬዬን ነገ ላምጣው?" አሉት።

ወንድሜ አዲስ አበባ አልገባም። አሁን ከአምደወርቅ ከተማ ሳይቀር እየመጡ ከብት እንዲያክምላቸው ይወስዱታል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው "እንደገና ና" የሚለው ያስፈልገዋል። ለወንድሜ ያልኩት እኔ ነኝ!