ማር ቀማሹ ማተቤ

በገንዳ ውሃ ከተማ ማር ቀምሶ ዓመቱን የሚናገር ሰው ማተቤ ነው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲባል ኖሯል። ልጅ የሚድር፣ ማኅበር የሚያወጣ፣ ጠጅ ሊጥል ያሰበ ሁሉ ማሩን በሳህን ይዞ ቤቱ ይመጣል። ማተቤ ጣቱን ነክሮ ይልሳል፤ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ባለ ማሩን ትንሽ ያስጨንቀውና «የአምና ነው» ይላል። እውነትም የአምና ይሆናል።

ምስጢሩን የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሱና ሚስቱ ለተሥላሴ። ምላሱ የእሷ ነበር። ማሩ «ሳህን ይቀየርለት» ተብሎ መጀመሪያ ጓዳ ይገባል። እሷ እዚያ ትቀምስና ወጥታ፣ ከባሏ ኋላ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ሰሊጥ እያበጠረች ትስላለች። አንድ ጊዜ ከሳለች የዘንድሮ፣ ሁለት ጊዜ የአምና፣ ሦስት ጊዜ የካቻምና። ጎረቤት አዝኖላት ዝንጅብል ያመጣላት ነበር። አንድ ክረምት የእውነት ጉንፋን ያዛትና ማተቤ እስከ ስምንት ቆጥሮ «ይኼስ የስምንት ዓመት ማር ነው!» አለ። ባለ ማሩ ከዚያ ወዲህ በኩራት ሰው አላናግር ብሎ ከረመ።

ለተሥላሴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማተቤ እውነቱን ለማንም አልተናገረም። ውሸታም መባልን ፈርቶ ብቻ አይደለም። ሰው ቤቱ የሚመጣው ማር ይዞ ነው፤ ማሩ ከቀረ ሰውም ይቀራል። ሰው ያልመጣ ቀን ያ ቤት ምን እንደሚመስል ደግሞ አይቶታል። ስለዚህ «ጥርሴን አሞኛል» ማለት ጀመረ። ደግነቱ፣ ሰዉ ጥርሱን ሊጠይቅ ይመጣል።

ዘንድሮ ግን ጎረቤቱ አየሁሽ ወንድ ልጇን ለሳንጃ ከተማ ሰዎች ልጅ ልትድር ሆነ። በእነሱ ሰፈር ልማድ የሠርጉ ጠጅ ከመጣሉ በፊት የሙሽራዋ ወገን መጥቶ የሦስት የተለያዩ ዓመታት ማር ይቀርብለታል። ባለ ማሯ የትኛው ሳህን የየትኛው ዓመት እንደሆነ አትናገርም፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቀማሽ ይለያል፣ ይመርጣልም። የሦስት ዓመት ማር ያላቀረበ ቤት ሠርጉ ባይፈርስበትም ሐሜቱ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

«አያ ማተቤ፣ ዛሬ ጥርስ የሚባል ነገር የለም» አለች አየሁሽ በጧት መጥታ።

«አለ እንጂ፤ ያመኛል።»

«እንግዲያ ይንቀሉት! ሳንጃዎች ይሳቁብኝ?»

ሳንጃዎቹ መጡ። በአየሁሽ ግቢ፣ ከማሽላ አገዳ በተሠራው ራኩባ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ሳህን ማር ቀረበ። በዚያ ሙቀት ማር አይረጋምና ሦስቱም እንደ ዘይት ይወርዱ ነበር። የሳንጃዎቹ ቀማሽ ስንሻው የሚባል፣ ጢሙን ያበጠረ ረጅም ሰው ነው። የመጀመሪያውን ላሰ።

«ይኼ የካቻምና ነው። ያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ነው የገባ። ሰሊጡ ሳያብብ ንቡ ግራር ላይ ዋለ፤ ስለዚህ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ይቆማል። የኮራ ማር ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሁለተኛውን ላሰ።

«የአምና። አቤት! ዝናቡ በልኩ፣ ሰሊጡ በጊዜው። ይኼ ማር ሰላምታ ያውቃል፤ ቀስ ብሎ ገብቶ ቀስ ብሎ ይወጣል።» ሦስተኛውን ላሰና ፊቱን አኮማተረ። «ይኼ የዘንድሮው ገና ልጅ ነው። ይጮኻል። ሁለት ዓመት ይተኛ። ለሠርጉ የአምናው ይጣል!»

ሳንጃዎች አጨበጨቡ። ተራው የማተቤ ሆነ።

የመጀመሪያውን ላሰ፤ ጣፈጠው። ሁለተኛውን ላሰ፤ ጣፈጠው። ሦስተኛውም ጣፈጠው። ሳያስበው ወደ ኋላው ዘወር አለ። መደቡ ላይ የሙሽራዋ አጎት አፉን ከፍቶ ያንቀላፋል።

«እኔም እንደ አያ ስንሻው...» ብሎ ጀመረ።

«ምነው፣ ገንዳ ውሃ የራሱ ምላስ የለውም?» አለ አንዱ ሳንጃ፤ ሳቁ ራኩባውን ሞላው።

ማተቤ ደከመው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልታመመ ጥርስ ማስታመም ያደክማል። «እውነቱን ልንገራችሁ?» አለ። «እኔ ምንም ልዩነት አላገኘሁም። ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው።»

ማተቤ አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ሲጠብቅ፣ አየሁሽ የያዘችው ጭልፋ ከእጇ ወደቀ።

«ጉዴ ፈላ! ማን ነገረዎ?» አለች። «የካቻምናውን ጉንዳን ጨረሰው። የአምናውን ለአራስ እህቴ ሰጠሁ። አፍሬ ነው፤ ሦስቱንም ከአንድ ጋን ነው የቀዳሁት!»

የሙሽራዋ አጎት በጫጫታው ባንኖ «ተጋቡ?» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ስንሻው ጢሙን ሁለት ጊዜ አበጠረ። «እኔማ አውቄያለሁ፤ አየሁሽን ላለማሳፈር ብዬ ነው እንጂ» አለ፤ ሳቁ ባሰ። የሙሽራዋ እናት ግን ተነሥታ አየሁሽን ሳመቻት። «ለአራስ የሰጠ ቤት ማር አጣ አይባልም። ከዚያው ጋን ይጣል» አለች።

በማግስቱ ጧት ማተቤ በሩን ሲከፍት ስምንት ሰው ቆሟል። ከፊት ያለው የትናንቱን ወሬ ሰምቶ ከአብርሃ ጅራ በጭነት መኪና ተሳፍሮ የመጣ ምስጋና የሚባል ገበሬ ነው፤ የማር ጀሪካን ታቅፏል።

«ጋሼ ማተቤ፣ ይኼ የየትኛው ዓመት ነው?»

ማተቤ ላሰ። «እኔ እንጃ።»

«እንዴት?»

«ይጣፍጣል። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። የምታውቀው ለተሥላሴ ነበረች፤ እኔ የእሷን ቃል ነበር የምናገር።»

ምስጋና ወደ ሌሎቹ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ? አዋቂ ሰው እንዲህ ነው፤ ራሱን ዝቅ ያደርጋል» አለና ጀሪካኑን አስቀምጦ ተቀመጠ። ሌሎቹም ገብተው ተቀመጡ።

ማተቤ እውነቱን ሦስት ጊዜ ደጋገመ። በተናገረ ቁጥር ይበልጥ አከበሩት። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ስለ ለተሥላሴ ይንገሩን አለች፤ እሱም ስለ ሳሏ ነገራት፤ ስምንቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ከዚያ ብርዝ ሊቀዳላቸው ተነሣ። ቤቱ ውስጥ ያለው ኩባያ ሁለት ነው። ሊዋስ ወደ አየሁሽ ቤት ሄደ።