ያልወጣሁበት መሰላል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሰቆጣ በግንባታ ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከገበያው በላይ ያለው አሮጌ ጽሕፈት ቤት ይፍረስ ወይስ ይጠገን፣ አይቼ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ግንቡ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ በሮቹ ቅስት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የአቡጀዴ ኮርኒስ። ግድግዳውን ዞሬ ለካሁ፤ ስንጥቅ አላገኘሁም። የቀረኝ ከኮርኒሱ በላይ ያለው እንጨት ነበር።

መሰላል ቀረበ። ቀሚስ ለብሻለሁ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ የሚጭኑ ወንዶች ቆመዋል።

«ኢንጂነሯ መሰላሉን ልትይዝ ነው ቀሚሷን?» አለ አንዱ። ተሳሳቁ።

ዘበኛው አያ ሲሳይ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ። «ውጪ ልጄ፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። እንጨት ከታች አይታወቅም።»

እናንተ ብትሆኑ ትወጡ ነበር? እኔ አልወጣሁም። ከኮርኒሱ ቀዳዳ የረገፈ አቧራ አየሁና ቢሮ ገብቼ «ወጥቼ አይቻለሁ፤ የጣሪያው እንጨት በምስጥ ተበልቷል፤ ይፍረስ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩም። «አላየሁም» ብዬ እንዳልጽፍ ማን ከለከለኝ? የሳቁት ናቸው እንዳልል፣ ብዕሩን ስይዝ አንዳቸውም አጠገቤ አልነበሩም።

ከወር በኋላ ማፍረስ ተጀመረ። በስተምሥራቅ ያለው ግማሽ በሳምንት ወረደ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። አናጢው ከወረዱት አግዳሚዎች አንዱን ሊቆርጥ ሲመታው መጥረቢያው ነጠረ። ወይራ ነው።

«ማነው ደግሞ ይሄን ተበላ ያለው? ምስጡ ራሱ ጥርሱ ይረግፍ ነበር!» አለ።

አያ ሲሳይ አዩኝ። ያውቃሉ። ወደ በራቸው ተመለሱ።

የቀረው ግማሽ ዛሬም ቢሮ ነው። ሰዎች በዚያ ሲያልፉ «ያተረፈችው እሷ ናት» ይሉኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ማፍረሱን ባስቆመው ሁለተኛ ሪፖርቴ «እንጨቱ ደህና ነው» አልኩ እንጂ መጀመሪያ ሳልወጣ እንደፈረምኩ አልጻፍኩም። አያ ሲሳይም ሳይናገሩብኝ አረፉ። ያንን ግማሽ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ዓይን አፋርነቴን ምክንያት አላደርገውም።

በዚያ ሐሙስ ማግስት ያደረግሁት ይህ ነው። ዓርብ ማለዳ የወንድሜን ሱሪ ለብሼ ሄድኩ። ሠራተኞቹ በምዕራብ በኩል ጣሪያውን ሊነቅሉ ተዘጋጅተዋል።

«ቁሙ!» አልኩ። «አያ ሲሳይ፣ መሰላሉን ይያዙልኝ።»

ያዙልኝ። የዚያን ቀን ፊታቸውን አላዞሩም። ወጣሁ።